አይቶ መደወል

ሥራዬ ማየት ነው። ማታ ከአራት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዲሲ ውስጥ ባለ አንድ የመኖሪያ ሕንጻ ሥር፣ ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ አሥራ ስድስት ካሜራ የሚያመጣውን አያለሁ። ሴኪዩሪቲ ይሉናል። አገር ቤት ቢሆን ዘበኛ ተብዬ፣ ካፖርት ደርቤ፣ ቢያንስ አንድ ቁመህ ጠብቀኝ ይሰጠኝ ነበር። እዚህ ያለኝ ስልክ፣ የእጅ ባትሪና መዝገብ ነው። ሥልጠና ላይ የደጋገሙልን አንድ ነገር ነው፦ አይታችሁ ደውሉ። አትከተሉ፣ አትያዙ፣ እጃችሁን አታስገቡ።

አንድ ሌሊት ደወልኩ። ስለዚያ ሌሊት ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ የሚያስጽፈኝ አንድ አሮጌ አውሮፕላን ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የአውሮፕላን ሙዚየም ሄደን ነበር። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ለዜግነት ፈተና ታጠና ነበር፤ ጠያቂዋ ደግሞ ልጃችን። ቡና ሲፈላ ጥያቄ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ጥያቄ፣ መኪና ውስጥ ጥያቄ። «ከፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣኖች አንዱን ጥቀሺ።» ባለቤቴ ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ነው፦ «ጦርነት ማወጅ።» ገንዘብ ማተምም ልክ ነው፣ ከሌላ አገር ጋር ውል መዋዋልም ልክ ነው። እሷ ግን ከጦርነቱ ንቅንቅ የለም። «እሱ አይጠፋኝም፣ ምን ጦርነት ሳላይ አደግኩና» ትላለች። ልጄ ደግሞ ትጨምርበታለች፦ «የሚያውጀው ኮንግረስ ነው እንጂ ፕሬዚዳንቱ አይደለም፣ እማዬ።»

ሙዚየሙ ውስጥ ሆዱ መርከብ፣ ክንፉ አሞራ የሚመስል አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ቆሟል። ሥሩ አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ለጎብኚ ያስረዳሉ። ታሪክ ይችሉበታል። በሜይ 1941 አንድ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን፣ ልክ እንደዚህ ባለ አውሮፕላን፣ የጀርመንን ትልቅ የጦር መርከብ ቢስማርክን እንዴት እንዳገኘው ነገሩን። ልጄ በጣቶቿ ወሮቹን ቆጠረች።

«ፐርል ሀርበር ግን ዲሴምበር ነው» አለች። ጃፓን አሜሪካንን መትታ ወደ ጦርነቱ ያስገባችበትን ቀን ማለቷ ነው።

ሽማግሌው ሳቁ። «ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ኮንግረስ ሳያውጅ እንዴት ተዋጋ?»

ትንሽ አሰቡ። «አልተዋጋም» አሏት። «ያየው ብቻ ነው።»

ያየው ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንመለስም፣ በማግስቱ ማታ ክፍሌ ገብቼ ስክሪኖቹ ፊት ስቀመጥም ይህቺ ነገር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ውሃ የማየት ሥራ

አውሮፕላኑ ካታሊና ይባላል። የሠራው ሳን ዲዬጎ የነበረው ኮንሶሊዴትድ የተባለ ኩባንያ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በማርች 1935። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 32 ሜትር ገደማ ሲሆን ከሆዱ በላይ በአንድ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱ ሞተሮች እዚያው ክንፉ ላይ፣ የባሕር ውሃ እንዳይረጫቸው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። በጎንና በጎኑ እንደ ዓሣ ዓይን ያበጡ ሁለት ትልልቅ መስታወቶች አሉት። ሰው እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ያያል። ውሃ ያያል። ከዚያ ደግሞ ውሃ ያያል።

ፍጥነቱ አያስደንቅም። ሲቃኝ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሀይዌይ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚበሩ ጎረምሶች ይቀድሙታል ብል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ጉልበቱ ያለው መቆየቱ ላይ ነው። ሳይቀዳ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አቴንስ ደርሶ የሚተርፈው ማለት ነው። ውስጡ መኝታ አለው፣ ምግብ ማሞቂያ አለው፤ ሰባት ስምንት ሰው ተፈራርቆ እየተኛ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ አየር ላይ ይውላል። ይህ ሁሉ ዝግጅት እንግዲህ አንድ ጥቁር ነጥብ ውሃ ላይ ለማየት ነው። አብዛኛውን ቀን ደግሞ ነጥቡ የለም።

ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። እኔም በሌሊት አሥራ ስድስት ካሬ ሲሚንቶ ነው የማየው። ድመት ያለፈች ቀን ትልቅ ቀን ነው።

በነገራችን ላይ ጃንሆይም ከስደት ወደ አገራቸው ጉዞ ሲጀምሩ፣ በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ከእንግሊዝ በማልታ በኩል እስክንድርያ ያደረሳቸው የዚሁ ዘር ነው፤ ሰንደርላንድ የሚባለው፣ ውሃ ላይ የሚያርፍ የእንግሊዞች የባሕር ቅኝት አውሮፕላን። ሰርጓጅ መርከብ ፈላጊው ለአንድ ጉዞ ንጉሥ ጫነ። ቀኖቹን ሳሰላ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቢስማርክ የታየው ግንቦት 18። እኛ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀልን በሦስት ሳምንቱ መሆኑ ነው።

የታዛቢው ጠዋት

የመኮንኑ ስም ሊዮናርድ ስሚዝ ነው። የሚዙሪ ልጅ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኢንሳይን፤ ከመኮንንነት ማዕረጎች መጨረሻው ላይ ያለው ማለት ነው። አሜሪካ በዚያ ጊዜ ገለልተኛ ናት። ሆኖም ኮንግረስ በማርች 1941 ባጸደቀው ሕግ መሣሪያ ለእንግሊዝ መስጠት ተፈቅዷል። ካታሊናዎቹ ሄዱ፤ የሚያውቋቸው አብራሪዎችም አብረው ሄዱ። ወረቀት ላይ ስማቸው «ልዩ ታዛቢ» ነበር። ታዛቢ የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው በምርጫ ነው፤ ሳጥን አጠገብ ተቀምጦ የሚያዛጋ ሰው። ስሚዝ ግን መሪ ጨብጦ የሚታዘብ ታዛቢ ነበር።

ሜይ 24 ቀን ቢስማርክ ሁድ የተባለውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ አሰመጠ። ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ፤ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። በማግስቱ ሌሊት ቢስማርክ ከተከታዮቹ ዓይን ተሰወረ። ወደ ፈረንሳይ ወደብ እየገሰገሰ ነው፤ ከደረሰ የጀርመን አውሮፕላኖች ከላይ ይሸፍኑታል። እንግሊዞች ከቀን በላይ አትላንቲክን ሲያስሱ ዋሉ።

ሜይ 26 ሌሊት ሳይነጋ አንድ ካታሊና ሰሜን አየርላንድ ካለው ከኧርን ሐይቅ ተነሳ። አዛዡ እንግሊዛዊው ዴኒስ ብሪግስ ነው፤ ሁለተኛው አብራሪ ስሚዝ። ከሐይቁ ወደ ውቅያኖሱ አቋራጩ መንገድ ዶኔጋልን ይቆርጣል። ዶኔጋል የአየርላንድ ግዛት ነው፤ አየርላንድም ገለልተኛ ናት። ግን በምስጢር ተስማምታ ነበርና ድምፁን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እስቲ አስቡት። አውሮፕላኑ የተሠራው ገለልተኛ አገር ውስጥ ነው። የሚነዳው የገለልተኛ አገር ልጅ ነው። የሚያልፈው በገለልተኛ አገር ሰማይ ነው። የሚሄደው ግን ወደ ጦርነት ነው።

ረፋዱ ላይ፣ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ መሪው በስሚዝ እጅ ነበር፤ ብሪግስ አጠገቡ ነው። ባሕሩ ጭጋጋማ ነው። ስሚዝ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ደብዛዛ ጥቁር ነገር አየ። መርከብ ነው። የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ብሪግስ መልእክቱን ሊጽፍ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። ስሚዝ ብቻውን ቀረ። ደመና ውስጥ ገብቶ ዞሮ ከኋላ ሊያየው አስቦ ነበር። ሂሳቡ ተዛባበትና ከደመናው ሲወጣ መርከቡ እዚያው ቅርቡ ነው። ቢስማርክ በፀረ አውሮፕላን መድፎቹ ሁሉ ተኮሰበት። አውሮፕላኑ ተናጠ፤ ፍንጣሪ ሆዱን በሳው። ስሚዝ ለሰርጓጅ መርከብ የያዙትን ቦምብ ክብደት እንዲቀንስ ባሕር ላይ ጣለና ሞተሮቹን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሸሸ። በዚህ መሃል መልእክቱ ሄደ። አጭር ነው፦ አንድ የጦር መርከብ፣ ያለበት ቦታ፣ የሚሄድበት አቅጣጫ፣ ሰዓቱ።

ያን ዕለት ምሽት አርክ ሮያል ከተባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ቶርፒዶ ጣሉ፤ አንዱ የቢስማርክን መሪ ሰበረው። በማግስቱ ጠዋት ሰመጠ። ከ2,000 በላይ ሰው አብሮ ወረደ። የተረፉት ከ120 ያንሳሉ።

ስሚዝ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። የጣላትም ቦምብ ማንንም ለመምታት አልነበረም። ሽማግሌው ለልጄ የነገሯት እውነት ነው። ያየው ብቻ ነው።

ለቢስማርክ አላለቅስም። የሂትለር መርከብ ነው፤ የሁድንም ልጆች የፈጀው እሱ ነው። ግን በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ ጠቋሚ። የደርግን ዘመን ያየ ሰው አጠገባችሁ ካለ ቃሉን አንሱና ፊቱን ተመልከቱ። ጠቋሚ አይተኩስም። ጣቱን ይቀስርና ይሄዳል። እናቴ የሰፈራችንን ጠቋሚ ስም እስክትሞት አላነሳችም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የምትለው። የተኮሱትን ግን በስማቸው ትጠራቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

የልጄን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። የሌሊት ሥራ ለዚህ ይመቻል፤ ማንም «ምን ታነባለህ» አይልህም።

ኦገስት 17 ቀን 1787 ፊላዴልፊያ ውስጥ፣ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ አንድ የደቡብ ካሮላይና ተወካይ ተነስቶ የጦርነት ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጥ አለ። ፒርስ በትለር ይባላል። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ደነገጠ። አንድ ሰው ብቻውን ጦርነት ያውጅ የሚል ሐሳብ በሪፐብሊክ ውስጥ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም አለ። የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ደግሞ እኔን የማረከኝን ነገር ተናገረ፦ ጦርነትን የሚያቀላጥፍ ሳይሆን እንቅፋት የሚያበዛ አሠራር ነው የምፈልገው፤ የሚቀላጠፈው ሰላም ይሁን። ሌላው የቨርጂኒያ ተወካይ ጄምስ ማዲሰንና ጌሪ ተባብረው አንድ ቃል አስቀየሩ። ኮንግረስ ጦርነት «ያካሂዳል» የሚለው «ያውጃል» ሆነ፤ ፕሬዚዳንቱ ድንገተኛ ጥቃት ሲመጣ መመከት እንዲችል። ማዲሰን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለጀፈርሰን ሲጽፍ ምክንያቱን ፍርጥ አድርጎታል፦ ከመንግሥት ክፍሎች ሁሉ ጦርነት የሚጠቅመውና የሚያምረው አስፈጻሚው ነው፤ የመንግሥታት ታሪክ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

እኛ ስናድግ የሰማነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነው። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ይህን ተረት መገልበጥ ነው። ንጉሡን አስቀድመው ከሰሱት፤ ገና ሳይሾም፣ ገና ምንም ሳያጠፋ። (ስለ ነጻነት ሲጽፉ ቡናቸውን የሚያፈላላቸው ባሪያ እንደነበር አልረሳሁም። ጀፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰው በባርነት ይዟል። እዚህ አገር ቆዳዬን ይዤ ስኖር ይህን ልረሳ ብልም የሚያስረሳኝ የለም። ግን አንድ ሰው ያወጣው ሕግ ከራሱ የተሻለ ሲሆን አይቻለሁ።)

ጀፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። ኦገስት 1 ቀን 1801 ኢንተርፕራይዝ የምትባል ትንሽ የአሜሪካ የጦር መርከብ ውሃ ልታመጣ ወደ ማልታ ስትሄድ ከትሪፖሊ መርከብ ጋር ተገናኘች። ሦስት ሰዓት ተዋጉ። ከትሪፖሊ በኩል 30 ሰው ሞተ፣ 30 ቆሰለ፤ ከአሜሪካኖቹ ማንም አልተነካም። ካፒቴኑ የያዘውን መርከብ መድፎች ባሕር ውስጥ አስጣለ፣ ምሰሶዎቹን አስቆረጠ፣ አንድ ሸራ ትቶለት ልቀቁት አለ። ዲሴምበር ላይ ጀፈርሰን ለኮንግረስ በላከው ጽሑፍ፣ የለቀቅነው ያለ እናንተ ፈቃድ ከመከላከል መስመር ማለፍ ሕገ መንግሥቱ ስለማይፈቅድልን ነው አለ። ያምራል። ስታነቡት ኩራት ይሰማችኋል።

ታዲያ የመርከቦቹ ጓድ አዛዥ ለካፒቴኑ የጻፈለትን ትእዛዝ ብታዩት ሌላ ነው። ወደ ማልታ ስትሄድ ካገኘኸው መድፉን ጥለህ ልቀቀው ይላል፤ ስትመለስ ካገኘኸው ግን ይዘኸው ና። ማለትም ጉዳዩ ውሃው ነበር። የተጠሙ ሰዎች የሚጠብቁት መርከብ ምርኮ እየጎተተ አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ የመጣው በኋላ፣ ጽሑፉ ሲዘጋጅ ነው።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ያዘኝ፤ ለምን መዋሸት አስፈለገው?

ወደ 1941 እንመለስ። ቢስማርክ በሰመጠበት ዕለት፣ ሜይ 27 ማታ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሬዲዮ ለሕዝቡ ተናገረ። ያልተገደበ አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በአትላንቲክ ላይ ያለንን ቅኝት አስፋፍተናል፣ መርከብና አውሮፕላን እየጨመርን ነው አለ። ስለ ስሚዝ ግን ትንፍሽ አላለም። አንድ የእኛ ልጅ ትናንት መሪ ይዞ ነበር አላለም። ታሪኩ ለሕዝብ ሳይነገር ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ባሰ። ግሪር የምትባል የአሜሪካ መርከብ ወደ አይስላንድ ስትሄድ፣ ከላይ የሚበር የእንግሊዝ አውሮፕላን ከፊቷ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ እንዳለ ነገራት። ግሪር ሰዓታት ሙሉ ተከተለችው፤ ያለበትን ቦታ ለአውሮፕላኑ እየነገረች። አውሮፕላኑ፣ ልትመቱት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም ተባለ። እሱ ራሱ ቦምብ ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ሰርጓጁ ግሪር ላይ ቶርፒዶ የተኮሰው። ሩዝቬልት ለሕዝቡ ሲናገር ግን ጀርመኖች ሳያስጠነቅቁ ቀድመው ተኮሱብን ነበር ያለው። መከተሉም፣ ጥቆማውም፣ ቦምቡም ከንግግሩ ወጡ። ሴኔቱ ሲጠይቅ ነው ዝርዝሩ በኦክቶበር የታወቀው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ሲጠራ መርከቦቹ ተኩስ ተፈቅዶላቸው ባሕር ላይ ነበሩ።

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ሳነብ፣ «አያችሁ፣ ሕጋቸው ወረቀት ነው» ብዬ ነበር የምዘጋው። አሁን እጠራጠራለሁ። ሰው የሚደበቀው ከቆመ ነገር ነው። ከወደቀ አጥር ጀርባ ማን ይደበቃል? ጀፈርሰን ውሃ ጠምቶን ነው ማለት አፍሮ ሕገ መንግሥቱን ጠራ። ሩዝቬልት ስሚዝን ደበቀ። የደበቁት የሜሰን እንቅፋት ገና መንገዱ ላይ ስለነበረ ነው። ባይኖር ኖሮ በአደባባይ ይፎክሩበት ነበር። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በጁን 1942 ነው። ከዚያ ወዲህ ኮርያ አለ፣ ቬትናም አለ፣ ኢራቅ አለ። ባለቤቴ በልበ ሙሉነት የምትመልሰው ሥልጣን ከሰማንያ ዓመት በላይ ሥራ የፈታ ነው። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፤ ፈተናው እስኪያልፍ።

ገለልተኛ ስንባል

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ባይኖር እዚህ ጋ የመሥራቾቹ ደጋፊ ሆኜ እቀመጥ ነበር።

ዋሽንግተን በሴፕቴምበር 1796 በጋዜጣ ባወጣው የስንብት ጽሑፍ ከውጭ አገር ጋር ዘላቂ የጦር ቃል ኪዳን አትግቡ ብሎ መክሯል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትሁኑ እንደ ማለት ነው። ምክሩ ትውልድ አልፎ በ1935 ሕግ ሆነ። በዚያ ዓመት ኦገስት መጨረሻ የገለልተኛነት ሕግ ጸደቀ፤ ለሚዋጉ አገሮች መሣሪያ አይሸጥም። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በሁለት ቀኑ፣ በእኛ ጦርነት ነው። ለጣሊያንም አይሸጥ፣ ለኢትዮጵያም አይሸጥ። እኩል። ጣሊያን የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ፣ የራሷ አውሮፕላን ነበራት። እኛ ምን እንደነበረን ታውቃላችሁ። ነዳጅ ደግሞ ሕጉ ውስጥ አልተካተተም፤ ለአውሮፕላንና ለካሚዮን የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

አያቴ ማይጨው ዘምተዋል። ስለ ዋሽንግተን የስንብት ጽሑፍ አንድም ነገር ሳያውቁ ሞቱ። ግን ነክቷቸው ነበር።

እና ከስሚዝ ጋር ያለኝ ጠብ እዚህ ላይ ይለሳለሳል። በ1928 ዓ.ም. አንድ ስሚዝ፣ አንድ «ታዛቢ»፣ ኮንግረስን ሳያስፈቅድ ከእኛ በላይ ሆኖ የጣሊያን ጦር የት እንዳለ ቢጠቁመን ኖሮ «ሕጉን ጣሰ» ብዬ እከሰው ነበር? አልከሰውም። ስሙን ለልጄ አወጣላት ነበር። ይህን ካመንኩ በኋላ ስለ ማዲሰን ልብ ሞልቶ መናገር ይከብዳል። ይኸው ነው፤ አላስታረቅኋቸውም።

አንድ ነገር ግን ይታየኛል። እነዚያ ሰዎች በፊላዴልፊያ ክርክራቸው የተጨነቁት ለመተኮስ ነው፤ ማን ያውጅ፣ ማን ይመክት። ማየትን አላሰቡትም። በእነሱ ዘመን ዓይን የመርከብ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚያየውን ያህል ነው የሚያየው፤ ያየው ለሌላው እስኪነገር ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ካታሊና ከነሬዲዮኑ ሲመጣ በማየትና በመምታት መሃል የነበረው ርቀት ጠፋ። ማወጅ የሚባለው ነገር ይኖር የነበረው እዚያ ርቀት ውስጥ ነው።

ታየ፣ ተደወለ

እሺ፤ ሌሊቱ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ካሜራ አሥራ አንድ፣ ሁለተኛው ምድር ቤት። አንድ ሰው ኮፍያውን እስከ ግንባሩ አውርዶ በመኪናዎቹ መሃል ይዞራል። አንዱን ግራጫ መኪና በር ሳብ አደረገ። አልከፈተም። ወደ ሌላ ግራጫ መኪና ሄደ። ሳብ አደረገ። ጥቁር ሰው ነው፤ እንደኔ። ይህን አየሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። በእግሬ ብወርድ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። «ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?» ማለት ይቻል ነበር። ሥልጠናው ግን አትውረድ ይላል። ፈርቼም ነበር። ስልኩን አነሳሁ።

ፖሊሶቹ ለመድረስ አልዘገዩም። የቀረውን ያየሁት በስክሪን ነው፤ ካሜራው ድምፅ የለውም። ሰውየው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ቁልፉን ሊያሳያቸው ኖሯል። ወዲያው ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኛ። አንድ ጉልበት ጀርባው ላይ ነበር። መነጽሩ ተሽከርክሮ ወደ አንድ መኪና ሥር ሲገባ አየሁ። በትንሹ ስክሪን ላይ እንደ ነፍሳት ነበር የሚታየው።

ሰውየው የሕንጻው ነዋሪ ነው። ከገባ ሁለት ሳምንቱ። ከሆስፒታል የሌሊት ሥራ ረስቶት የመጣውን ዕቃ ሊያወጣ ወርዶ፣ የቁልፉ ባትሪ ሞቶበት፣ የራሱን ግራጫ መኪና ከሌሎቹ ግራጫዎች መለየት አቅቶት ነው በር በር የሚሞክረው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ለቀቁት። አለቃዬ በማግስቱ መዝገቡን አይቶ «ጥሩ ነው፣ ደንቡን ጠብቀሃል» አለኝ።

መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ መስመር ናት፤ ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ ትላለች፦ «8:14፤ አንድ ሰው የመኪና በር ሲሞክር ታየ፤ ተደወለ።» ታየ። ተደወለ። ማን አየ፣ ማን ደወለ የለም። ቋንቋ እንዲህ ሲተባበር ያስደነግጣል። ስለ ግሪር የተነገረውን ሳነብ ይህችው መስመር ናት የመጣችብኝ።

ባለቤቴ ፈተናውን አለፈች። ስለ ጦርነቱ አልጠየቋትም።

ሰውየው አሁን ጓደኛዬ ነው ማለት ይቻላል። ከሥራ ሲመለስ በመስታወቱ በኩል እጁን ያነሳልኛል፤ አንዳንዴ ቡና ያመጣልኛል። አዲስ መነጽር ገዝቷል፤ የድሮው የበለጠ ያምርበት ነበር። ባለፈው ወር ቡናውን እያቀበለኝ ስለዚያ ሌሊት በራሱ አነሳ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ከመስኮት አይቶት የደወለበት ይመስለዋል። ከምድር በታች መስኮት እንደሌለ አላሰበም።

«አንተ መዝገቡን ታያለህ አይደል?» አለኝ። «ማን እንደደወለ ይላል?»

«ስም አልተጻፈበትም» አልኩት።

ቡናው ይፋጅ ነበር። አመሰገንኩት።